ወገቡ የተፈታ ገመድ

የዘምራድ ንጉሥ አርማድ በተቀበሩ ማግስት አንድ አንጥረኛ ጣቱን በመዶሻ መታ፤ የጮኸችው ግን ከተራራው ማዶ የምትኖር ሙሽራ ነበረች። ያን ጊዜ አገሬው ምን እንደ ደረሰበት ገባው።

በዘምራድ ሰው ሲወለድ የሕይወቱ ገመድ ይፈተላል፤ በገመድ ቤትም ይሰቀላል። ጠባቂዎቹ እያንዳንዱን ገመድ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት ላይ እያመሳቀሉ ይጠቀልሉና በጫፉ የጥቅሉን ወገብ ያስሩታል። ወገቡ የታሰረ ገመድ ከሌላው ጋር አይጠላለፍም፤ ከተጠላለፈ ግን የአንዱ ሕመም ለሌላው ይተርፋል። ታዲያ ንጉሥ ሲሞት የታሰረ ሁሉ ይፈታ የሚል የሐዘን ወግ ነበራቸው፤ መቀነቱም፣ ሹሩባውም፣ የታሰረው በሬም። የዚያን ጊዜዎቹ ሽማግሌዎች ሐዘናቸውን ለማሳመር ብለው ገመዶቹንም አስፈቱ። ከዚህ የባሰ ሞኝነት አላውቅም።

ከአገሩ በታች ባለው አዘቅት የሚኖረው ዘንዶ ጉንዳፍ የጠበቀው ይህንኑ ነበር። የተፈቱትን ገመዶች አወሳስቦ ወደ ዋሻው ጎትቶ ወረደ። በጎተተ ቁጥር ቋጠሮው ይጠብቃል፤ በየቤቱም ሕፃናት ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ከገመድ ጠባቂዎቹ አንዷ፣ ወጣቷ አዝመራ፣ ከታላቅ ወንድሟ ከጦረኛው ጓንጉል ጋር ተነሣች። በገመድ ቤቱ ደጅ ቆማም ማለች፦ «ገመድ ላልጎትት፣ ገመድ ላልቆርጥ። ብቆርጥ ስሜ ከዘምራድ ይቆረጥ።»

በአዘቅቱ ግርጌ ዘንዶው የአንዱን ገመድ ጫፍ ነክሶ አገኙት። ጓንጉል እሳቱን በጋሻው እየመከተ ተዋጋው፤ አዝመራም ከቋጠሮው ሥር ተንበረከከች። ወንድሟ ፍጠኚ ቢላት የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ መለሰችለት። ከዳር የላላውን ቀለበት እያሰፋች አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር። ጓንጉል ጦሩን በዘንዶው አንገት ሲሰካ ግን አውሬው የነከሰውን ሳይለቅ ወደ ገደሉ አፈገፈገ፤ ቋጠሮውም ጠብቆ እንደ ድንጋይ ሆነ። አዝመራ ራሷ ትንፋሽ አጠራት።

የተነከሰው ገመድ በቋጠሮው ልብ ውስጥ ያልፋል። ቀዩን ክር አየችና አወቀችው፤ ገና ልጅ ሳለች በወንድሟ ገመድ ላይ የጠለፈችለት ክር ነው።

ጓንጉልም አየው። «እህት ዓለም፣ ቁረጪው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ምያለሁ።»

«መሐላሽን እኔ ይዤልሽ እሄዳለሁ። ሕፃናቱ ይተንፍሱ።»

ቆረጠችው። በሙሉ ኃይሉ ይጎትት የነበረው ዘንዶ ወደ ኋላው ተገለበጠና ገደሉ ዋጠው። ጓንጉልም ጋሻው ላይ ተደፋ። እርሷ እያለቀሰች የቀሩትን ገመዶች ሁሉ ፈታች፤ እያንዳንዱንም ጠቅልላ ወገቡን አሰረች።

ገመዶቹን ይዛ ስትመለስ ሽማግሌዎቹ ለጀግናው ክብር የታሰረ ሁሉ ይፈታ ብለው ዐወጁ። አዝመራ የወንድሟን አጭር ገመድ በጣቶቿ ላይ አመሳቅላ ጠቀለለች፤ ወገቡንም አጥብቃ አሰረች። «ለወንድሜ አንድም ነገር አይፈታም» አለች። የገመድ ቤቱን በር ዘግታ ቁልፉን አስረከበቻቸው፤ ከዚያም እንደ መሐላዋ አገሩን ለቅቃ ሄደች።

በዘምራድ ስሟን የሚጠራ የለም። ሰው ሲሞት ግን ሐዘንተኞቹ ከማልቀሳቸው በፊት መቀነታቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ።