ይቅርታ የተጠየቀበት መጅ

የምሕረቱ አዋጅ በተነገረ ቀን አንኮበር ውስጥ ከወልደተንሣኤ በቀር የከፋው ሰው አልነበረም።

የንጉሡ ሰዎችና የሸፈቱት የፊታውራሪ ገብረጻድቅ ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ሲታኮሱ፣ አንዱ የሌላውን ጎተራ ሲያቃጥል ከርመው፣ በመጨረሻ ፊታውራሪው ጥይት ሳይነካቸው በንዳድ ሞቱ። ወዲያው ገበያ መሐል ነጋሪት ተጎሰመ።

«የሸፈትክ ግባ! ያለፈ ጥፋትህን ምሬሃለሁ! እስከ ግንቦት ልደታ ቀትር ድረስ ዋስ ጠርተህ፣ ድንጋይ ተሸክመህ ግባ! ከዛሬ ወዲህ የሰው ንብረት የነካ ግን ምሕረቴ አያገኘውም!»

ሴቱ እልል አለ። ባል ወይ ወንድም ጫካ ያልገባበት ቤት በጣት የሚቆጠር ነበርና። ወልደተንሣኤ ግን ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቤታቸው ገቡ።

«ንጉሥ በቅሎዬን ይቅር አሉልኝ» አሏት ልጃቸውን አልታየችን።

«ደግ ነዋ፣ አባባ።»

«ምኑ ነው ደጉ? የተዘረፍኩ እኔ! ድንጋይ የሚወድቅላቸው እሳቸው! በቅሎዋ የሳቸው ነበረች? ለኔስ ማን ድንጋይ ተሸክሞ መጣልኝ?»

በቅሎዋ እንደሆነች፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰፈር ያልነከሰችው ሰው አልነበረም። ወልደተንሣኤ ግን ከሟች ሚስታቸው እኩል ነበር የሚያነሷት። ከሚስታቸው የቀረ አንድ መጅ ነበር። ሴትየዋ ሃያ ዓመት እህል ስትፈጭበት እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ፤ አንድ ቀን በቅሎዋ ረግጣው አንድ ጥጉ የተሸረፈ። ከበቅሎዋ የቀረ ደግሞ ያው ሽርፋቱ ነበር።

ግንቦት ልደታ ጠዋት ወልደተንሣኤ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ችሎቱ ወጡ። የሚገባውን ሽፍታ ሁሉ ፊቱን አንድ በአንድ ሊያዩት ነው። አልታየች ደጃፍ ላይ የበሶ ገብስ ትፈጫለች። አንኮበርን ጉም ውጦታል። ከእርከኑ በታች እንደ ታመመ በሬ የሚተነፍስ ነገር ሰማች። ቆይቶ ድንጋይ ወጣ፤ ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ሰው።

«እህቴ፣ ውሃ» አለ ሰውየው።

«ያን ድንጋይ ምን ልታደርገው ነው? ቤት ልትሠራ?»

«ልገባ ነው። ምሕረት ልጠይቅ።»

«ከየት ነው የተሸከምከው?»

«ከአልዩ አምባ በታች፣ ከወንዙ ዳር።»

አልታየች ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ በአፍንጫዋ ወጣ። «አንኮበር ድንጋይ የጠፋ መስሎህ ነው? ሌሎቹ እኮ ከግቢው በር ላይ ነው የሚያነሱት! ትናንት አንዱማ እንቁላል የምታክል ይዞ ገባ አሉ።»

«ዋሴ ዓወል ነግሮኝ ነበር» አለ ሰውየው። «የሚቀልድብኝ መስሎኝ።»

«ወይስ ጥፋትህ ቢበዛ ነው?»

«እሱስ ልክ ነው» አለ። እንዲህ በቅንነት ሲመልስላት ሳቋ ከአፏ ጠፋ። ቀና ብላ አየችው። ወጣት ነው፤ ረጅም፤ ቅንድቡ ላይ የጉም ጠል ተንጠልጥሏል። እሱም አያት። ሁለቱም አንድ ላይ ዓይናቸውን ሰበሩ።

ውሃውን ሊቀበል ድንጋዩን እርከኑ ጫፍ ላይ አወረደው። ድንጋዩ እንደ መቀመጥ አለ፤ ሐሳቡን ቀየረና ተንከባለለ። በጉሙ ውስጥ ሲሄድ አይታይም፤ ይሰማል። ድው፤ ድው፤ የሰው ዶሮዎች ጮኹ፤ ድው፤ ከዚያ ከሩቅ ቸብ አለ።

ሁለቱም ጆሯቸውን አቅንተው ቆሙ።

«ከአልዩ አምባ እስከዚህ…» አለ ሰውየው።

«አሁን ወደ አልዩ አምባ እየተመለሰ ነው» አለች አልታየች።

መጀመሪያ የሳቀ እሱ ነው። ሲስቅ አንገቱን ወደ ኋላ ሲያደርግ ግን ቆዳው ተልጦ ደም ማቆሩን አየች። ከአጥሩ ሥር ሌላ ድንጋይ አንሥቶ ሊሸከም ሲል፣ የድንጋዩ ስለት ቁስሉን ነካውና ጥርሱን ነከሰ እንጂ ቃል አላወጣም። አልታየች ነጠቀችው። ከላይ ሰው ወደ ችሎቱ ሲጠራራ ይሰማል፤ ቀትር ደርሷል። ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ወፍጮው ላይ የተጋደመውን መጅ አንሥታ ዱቄቱን በቀሚሷ ጠረገችና ሰጠችው።

«ይሄማ መጅ ነው!»

«መጅ ድንጋይ አይደለም? ይሄ አንገት አይልጥም። ያዝ።»

«ባለቤቱስ?»

«እኔ ነኛ። ስትመለስ ታመጣልኛለህ።»

«ባልመለስስ?»

«መጄን ይዘህማ እንዴት ትቀራለህ?»

ሰውየው መጁን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተቀበለ። «እኔ ይሁኔ እባላለሁ። ስምሽ ማነው?»

«መጄን ስትመልስ እነግርሃለሁ።»

ጉሙ ውጦት ከሄደ በኋላ አልታየች ብቻዋን ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ገብሱን ለመግፋት እጇን ስትሰድ መጅ የለም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት። አባቷ ችሎቱ ላይ ናቸው፤ ያቺን ሽርፋት ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቋታል።

«እግዚኦ!» ብላ እጇን ሳትታጠብ ሽቅብ ሮጠች።

ስትደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። የምሕረት ድንጋይ በተከመረበት ሜዳ ላይ ሰው ከቦ፣ መሐሉ ላይ አባቷ የይሁኔን እጀ ጠባብ ጨምድደው ይዘው «በሕግ አምላክ!» እያሉ ይጮኻሉ። ፊታቸው እንደ ዓመት በዓል በርቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለጉት ሌባ፣ ምሕረት የማይደርስለት ሌባ፣ በመጨረሻ እጃቸው ገባ።

«የሚስቴ መጅ ነው፣ ጌታዬ! አዋጁ ከተነገረ በኋላ የተሰረቀ! ይቺውና ሽርፋቷ! ልጄ ብቻዋን ካለችበት ቤት!»

ንጉሡ ዘምተው ስለነበር ምሕረቱን የሚቀበሉት አንድ ሽማግሌ ዳኛ ናቸው። ከጠዋት ጀምረው አርባ ሰው ምረው ደክሟቸዋል፤ ርቧቸዋልም። «አንተ፣ ይሄን መጅ ከየት አመጣህ?» አሉ።

«ልጄ ብቻዋን» የሚለው ቃል በሰዉ መሐል ሹክሹክታ አስነሥቶ ነበር። አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሰም አደረገች። ይሁኔ ይህን አየ። ከሰዉ ጀርባም ዱቄት በለበሰ እጇ አፏን የያዘች አንዲት ልጅ አየ።

«ሰረቅሁት» አለ።

ከጎኑ የቆመው የአልዩ አምባው የጨው ነጋዴ ዓወል ራሱን ያዘ። «ጌታዬ፣ ወላሂ እኔ የተዋስኩት ለሰውየው ነው! ለመጁ አልተዋስኩም!»

«ሰረቅሁ ካልክ ምሕረቱ ይቀርብሃል፤ ሰንሰለት ነው የምትገባው» አሉ ዳኛው። «ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል፣ ጌታዬ።»

ሰንሰለቱ የይሁኔ እጅ ላይ ተንኳኳ። አልታየች ዝም ብትል ሰውየው ይታሰራል። ብትናገር ከነገ ጀምሮ ከጫጫ እስከ ሰላ ድንጋይ የሷ ወሬ ገበያ ይወጣል። ሁለቱን መዘነች ለማለት ጊዜ አልነበራትም፤ እግሯ ቀድሟት መሐል ሜዳ ገብቶ ነበር።

«በሕግ አምላክ! ውሸቱን ነው፣ ጌታዬ!»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«የመጁ ባለቤት።»

«አልታየች!» ብለው ጮኹ አባቷ።

«እኔ ነኝ ያዋስኩት። አልሰረቀም። መስረቅስ ይቅርና የራሱን ድንጋይ እንኳ መያዝ አልቻለም።»

ሰዉ ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም። የድንጋዩን ክምር አዩ፤ ገደሉን አዩ፤ የቆሙበትን መሬት አዩ። «ልጄ» አሉ፣ «እዚህ አገር ከድንጋይ በቀር ምን ሞልቶናል? አንዱን የሜዳ ድንጋይ ብትሰጪው ምን ነበረበት?»

አልታየች እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«የሜዳ ድንጋይ ብሰጠውማ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን ብሎ ይመልሰዋል?»

መጀመሪያ ሴቶቹ ናቸው የገባቸው። ከዚያ ሳቁ ሜዳውን ሞላው። ይሁኔ ጆሮው እስኪቀላ አቀርቅሮ ቆየና ቀና ሲል ያየው እሷን ብቻ ነበር፤ ከሰንሰለት የፈቱትንም ሰዎች አላያቸው።

ዳኛው ተነሡ። «ተምረሃል። መጁ ግን ለንጉሥ የወደቀ ስለሆነ ከክምሩ አይነሣም፤ ሥርዓቱ ነው። ሌላ ጠርበህ ትመልስላታለህ።»

«ጌታዬ!» አሉ ወልደተንሣኤ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። «በቅሎዬ ሄደች፤ መጄም ሄደ!»

«ልጅህን ይዘህ ግባ፣ እሷም ሳትሄድብህ» አሉና ዳኛው ወደ ምሳቸው ሄዱ።

በማግስቱ ይሁኔ ድንጋይ ይዞ መጣ። ወልደተንሣኤ ከአጥር አላስገባውም አሉ፤ ከአጥር ውጭ ቁጭ ብሎ ይወቅር ጀመር። ደህና ሰው በአራት ቀን የሚጨርሰውን ነገር ይሁኔ ግንቦትን ወቀረ፣ ሰኔን ወቀረ፣ ሐምሌን ገሳ ለብሶ ወቀረ። ጎረቤታቸው እናናየሁ መፍጫዋን ለአልታየች ስታውስ ቆይታ፣ አንድ ቀን በአጥሩ ስታልፍ፣ «ይሁኔ፣ መጅ ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን?» አለችው።

አልታየችም ጥፋተኛ ናት። አንድ ቀን ወፍሯል ትላለች፤ አንድ ቀን ቀጥኗል ትላለች።

«መጁን ስትመልስ ስሜን እነግርሃለሁ ብለሽኝ ነበር» አላት አንድ ጊዜ።

«አባቴ በችሎት ጮኸው ጨረሱታ።»

«አንቺ ስትዪው አልሰማሁም።»

አልነገረችውም። ግን ውሃውን ስትሰጠው ቅሉን ወዲያው አልለቀቀችም።

ወልደተንሣኤ አንድ ቀን ቁጣቸውን መያዝ አቃታቸውና ከአጥሩ ውስጥ ጠየቁ። «አንተ፣ በቅሎዬን ማን ነው የነዳት?»

የውቅራቱ ድምፅ ቆመ። መዋሸት ይችል ነበር። «ልጓሟን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አባቴ» አለ። «ትከሻዬን ነከሰችኝ።»

ከዚያ የሽማግሌው ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ነከሰችህ?»

«ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ቀን ገመዷን በጥሳ ሄደች። ከነ ስንቄ።»

«እሷ ናት!» አሉ ወልደተንሣኤ፤ ዓይናቸው ውስጥ እንባ ሞላ። «ራሷ ናት!» ጠባሳውን አሳየኝ ብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ይቅርታ ግን አላሉም።

መስከረም ጠባ፤ ይሁኔ ሽማግሌ ላከ። ሁለት ጊዜ ተመለሱ። «ንጉሥ ማሩት፤ እኔ መቼ ማርኩት?» አሉ ወልደተንሣኤ። መጁ አልቋል፤ ከእንግዲህ አጥሩ ሥር የሚያስቀምጠው ምክንያት የለም። በሦስተኛው ይሁኔ መጁን ተሸክሞ ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገባ። ወልደተንሣኤ ዕቃ የመለሰን ሰው ሳያቀምሱ ማስወጣት ነውር ነው ብለው በአዲሱ መጅ ገብስ ተፈጭቶ ቂጣ ይጋገር አሉ፤ ከዚያ በሰላም ይሂድ።

አዲስ መጅ መጀመሪያ ጭብጥ እህል ፈጭተውበት ይደፋል፤ የድንጋዩ ፍርካሽ ተራግፎ እስኪወጣ። ይህን የማታውቅ ሴት በአገሩ የለችም። አልታየች ግን በዚያ ቀን ረስታው ይሁን ወይ ሌላ፣ እስከ ዛሬ አልተናገረችም።

ወልደተንሣኤ ቂጣውን ቆርሰው አኘኩ። ቀጭ አለ። ቤቱ በሙሉ ሰማ። በሁለት ጣታቸው ከጥርሳቸው መሐል የምስር ፍሬ የማታክል ነገር አወጡና ወደ ብርሃን አቀረቧት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

የይሁኔ ግንባር አላበው። «ጠጠር ናት፣ አባቴ።»

«ድንጋይ ናት?»

«ድንጋይ… ናት።»

«ማን አመጣት?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። እኔ ነኝ ተሸክሜ የመጣሁ።»

ወልደተንሣኤ ጠጠሯን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ዳኛ ወገባቸውን አቀኑ። ከመጋረጃው ኋላ አልታየች በቀዳዳ ታያለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው አይተያዩም።

«ትንሽ ናት» አሉ። «ግን ለኔ የመጣች ናት።» ጠጠሯን ከእግራቸው ሥር፣ ደጅ አጠገብ፣ በጥንቃቄ አኖሯት። «ተምረሃል። ልጄን ግን እንደ በቅሎዬ ገመድ አስበጥሰህ ብታጠፋት ምሕረት የለህም።»

ይሁኔ ጉልበታቸውን ሊስም ወደቀ። ከመጋረጃው ኋላ ሳቅ የተቀላቀለበት ድምፅ መጣ። «አባባ፣ ቂጣ ይጨመር?»

«ይጨመር» አሉ። «ዱቄቱን ግን ድፊውና እንደ ገና ፍጪ። እናትሽ ሳታስተምርሽ የሞተች አታስመስይ።»