ፌዛንቷ ትታው የሄደችው ጎጆ

ቶሎሳን መጀመሪያ ያየሁት ሣር ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ነው።

የምንከባከባቸውን አሮጊት በዊልቸር እየገፋሁ፣ እዚህ በሰው አገር፣ ከግሮቭፖርት ከተማ መጋዘኖች ጀርባ ባለው ፓርክ ውስጥ ስሄድ ከእህቴ ጋር በስልክ እየተሳሳቅሁ ነበር። ከሣሩ መሃል አንድ ሰው በአማርኛ፣

«እህቴ፣ በእናትሽ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊው፤ እየሰማሽ ነው» አለኝ።

«ማነው የሚሰማኝ?»

በጣቱ አሳየኝ። ፊቱ ደም የመሰለ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው፣ ጅራተ ረጅም ወፍ ቆሟል።

«ቆቅ ነው?»

«የቆቅ ሀብታም ዘመድ ነው። ፌዛንት ይሉታል።»

አሮጊቷ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁኝ። እኔም በደንብ አላወቅሁትም።

ቶሎሳ ከሌሊት ሺፍቱ ወጥቶ እንደመተኛት ካሜራውን ይዞ እዚያ ይመጣል። ሚያዝያ ላይ እኔም በእረፍት ቀኔ መምጣት ጀመርኩ። ሌንሱን እንዴት እንደማስተካክል ሲያሳየኝ እጁ እጄ ላይ ይቆያል። ያስተካከልነው ሌንስ እንደገና ይዛባል። እሱም ምንም አላለኝ፣ እኔም ምንም አላልኩትም።

ከዚያ ቢታንያ መጣች። ከዎርዝንግተን የምትመጣ ነርስ ናት፤ የክንድ ርዝመት ያለው ሌንስ አላት። እንቁላሎቿን የታቀፈችውን እናት ፌዛንት ያገኘችው እሷ ናት። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ እሷና ቶሎሳ አብረው ፎቶ ሊያነሱ ተስማሙ።

«ሶሊ፣ ቢታንያ ምን እንዳገኘች ብነግርሽ!» ይለኛል።

ወሬው ሁሉ በቢታንያ ይጀምር ጀመር። ጢሙን ለሳምንት የማይላጨው ሰውዬ ተላጭቶ መምጣት ጀመረ።

አንድ ሐሙስ ከሩቅ አየኋቸው። የካሜራዋን ትንሽ ስክሪን ለማየት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። እሷ ሳቀች፤ እሱ ስክሪኑን ትቶ ስትስቅ ያያታል። ሳያዩኝ ተመለስኩ።

በማግስቱ እሱ በሚተኛበት ሰዓት ብቻዬን መጣሁ። መንገዱን ትቼ ጎጆዋ ያለበት ሣር ውስጥ ገባሁ። እናቲቱ ሳትነቃነቅ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። አንድ እርምጃ ስጨምር ክንፏን አርገብግባ በረረች።

ደስ አለኝ። ያንን ደስታ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ራቅ ብዬ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ጠበቅኋት። አልተመለሰችም።

ከሦስት ቀን በኋላ ቶሎሳን ዓይኑ ቀልቶ አገኘሁት።

«ትታቸዋለች። እንቁላሎቹ ቀዝቅዘዋል። ቢታንያ አውሬ አስደንግጧት ይሆናል ትላለች።»

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ያስበረርኳት እኔ ነኝ። አውቄ ነው።»

«ለምን ሶልያና?»

«ቢታንያ ስላገኘቻት።»

ሙሉ ስሜን ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሄደ። ስድስት ሳምንት አልደወለም። በእረፍት ቀኔ ከቤት አልወጣም ነበር፤ አብረው ሆነው ባያቸውስ?

ሐምሌ ላይ ደወለልኝ። ፓርኩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ስለ እንቁላሎቹ አሁንም እናደዳለሁ» አለ።

«ልክ ነህ።» ከዚያ ሲያንገበግበኝ የከረመውን ጠየቅሁት። «ቢታንያን ወደሃት ነበር?»

አልወደድኳትም እንዲለኝ ስንት ሌሊት ጸልያለሁ። እሱ ግን መሬት መሬት አየ።

«ሁለት ሳምንት ያህል፣ አዎ። አልነገርኳትም። አንቺ ከጠፋሽ በኋላ ግን ከእሷ ጋር ሆኜ የማወራው ስለ አንቺ ሆነ። ሰልችቷት ‹በቃ ደውልላት› አለችኝ።»

በዚህም ቀናሁ።

«እሷ ባትልህ አትደውልም ነበር?»

«እደውል ነበር» አለና እጄን ያዘ። «ትንሽ ዘግይቼ።»

እየሳቅሁ አለቀስኩ። ሊዋሸኝ ይችል ነበር፤ እኔም ልዋሸው እችል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ተጋባን። ቢታንያ ሠርጋችንን በዚያ ረጅም ሌንስ አነሳችልን፤ ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ ያም ያናድደኛል። ያቺን ሁለት ሳምንት እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ እሱም እንቁላሎቹን ይቅር አላለኝም። እንዲሁ ተዋደን እንኖራለን።