ሃያ ሴኮንድ የጎደለው መንቀጥቀጥ

አዛውንቱ መሐንዲስ ጠዋት ሞተው ተገኙ፤ የጥንት የመሬት መንቀጥቀጦችን እየደገመ ግንባታ በሚፈትነው የብረት መድረክ ላይ፣ በተናደ የሙከራ ግድግዳ ሥር። ልጃቸው በዚያው ቤተ ሙከራ የስሌት ባለሙያ ናት። አልቅሳ እንኳ ሳይወጣላት የቤተ ሙከራው ሥራ አስኪያጅ እንድትፈርም ወረቀት አቀረበላት፤ ለወረቀት ማን ብሎት! «የሞቱት በራሳቸው ቸልተኝነት ነው፤ የመጨረሻ ስሌታቸውም አይታመንም» ይላል።

«እጄ ቢቆረጥ አልፈርምም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትና ልጅ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከተማዋን ያፈረሰውን መንቀጥቀጥ ከድሮ ደብዳቤዎችና ከተሰነጠቁ ግንቦች ተነስተው እንደገና አሰሉት። ሃያ ሴኮንድ ቆየ ሲባል የኖረው አርባ ሆኖ ተገኘ። በከተማዋ የተሠራው አዲሱ ሆስፒታል ሃያውን እንጂ አርባውን አይችልም። ደህና ነው ብሎ የፈረመለት ሥራ አስኪያጁ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሕመምተኞች ይገቡበታል።

የፖሊስ መርማሪዋ ንግግሯ ቁጥብ፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ ሴት ናት። መድረኩን የሚያንቀጠቅጠው ማሽን ሌሊት ሲሠራ ያተመውን ወረቀት ደጋግማ አየችው።

«የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«ከጋሼ ሌላ ልጃቸው፣ እኔና ሥራ አስኪያጁ» አለ የማሽኑ ኦፕሬተር። «ትናንት አዲሱን ስሌት ለሦስት ሆነን ከጋሼ ጋር ጫንን። ‹ከእንግዲህ አሮጌውን የነካ ከኔ ጋር አይሠራም› ብለውናል።»

«ለሦስት?»

«ጋሼ፣ ልጃቸውና እኔ።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «እርስዎስ አዩት?»

«ለተረት ጊዜ የለኝም። አልከፈትኩትም፣ አልከፍተውምም!»

መርማሪዋ ሁሉንም መድረኩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«መድረኩ የሚሄደው ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ነው። ግድግዳው የወደቀው ግን ወደ ጎን ነው፤ ሰው ገፍቶታል። ከዚያ ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል ማሽኑን አስነሳ። ወረቀቱ ግን ሃያ ሴኮንድ ይላል። ሟቹ የጣሉትን ስሌት አይደግሙም። ልጃቸውና ኦፕሬተሩም ቢሆኑ በእጃቸው የጫኑትን ያስነሱ ነበር። አሮጌውን ፈልጎ የሚያስነሳ፣ አዲሱን ለማየት እንኳ የተጸየፈ ሰው ብቻ ነው።»

የሥራ አስኪያጁ ፊት አመድ መሰለ። «ሠላሳ ዓመት የገነባሁትን ስም ሊያፈርሱብኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ። ፖሊሶቹ ሲይዙት ወደ ልጅቷ ዞረ። «እሳቸው ሞተዋል፤ አንቺን ማን ይሰማሻል?»

ልጅቷን ቁጣዋ ቀጥ አድርጎ አቆማት። ወደ ኦፕሬተሩ ዞረች።

«ነገ የከተማውን ሹማምንት በሙሉ ጥራልኝ። እዚሁ መድረክ ላይ አቆማቸዋለሁ፤ አርባው ሴኮንድ በእግራቸው ሥር ይሰማቸው። ከዚያ በኋላ በሽተኛ ይግባ የሚል ካለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ይንገረኝ!»