ከጫካው ወዲያና ወዲህ

«ከአሁን ጀምሮ ጥርስህን አሞሃል፤ አትናገርም» አለ ሞቱማ። የአንገት ልብሱን አውልቆ የዮፍታሔን መንጋጋ ከሥር ወደ ላይ ጠመጠመና አናቱ ላይ ቋጠረለት። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ የእጁን ሥራ ሲመለከት ሳቁን መያዝ አቃተው። «ጀለስ፣ እንዲያውም አማረብህ።»

ዮፍታሔ መሳቅ አልሆነለትም። የእግር መንገዱ ወደ ሱባ ጫካ በሚገባበት አፋፍ ላይ ወጣቶች ግንድ ደርድረው ቆመዋል።

ሁለቱ ጓደኛሞች ሰበታ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ለጥያቄና መልስ ውድድር ሆለታ በሄዱበት፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሣው ተቃውሞ አስፋልቱን ዘጋው፤ ውድድሩ ቀረ፣ መኪናም ጠፋ። መምህራቸው መንገዱ እስኪከፈት እንዲታገሡ ለምኗቸው ነበር። ሞቱማ ግን አክስቱ ዘንድ ሲመላለስ የጫካውን መንገድ ያውቀዋልና ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ዮፍታሔን ያስፈራው የመንገዱ ርዝመት አልነበረም። ቤተሰቦቹ የአዲስ አበባ ሰፈራቸው ሲፈርስ ሰበታ ቤት ተከራይተው የገቡ ናቸው፤ እሱም ዓመታት ኖሮበት ኦሮምኛው ከሰላምታ አላለፈም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ማንም ማንንም በጆሮ ጠቢነት ይጠረጥር ነበር።

«ኦቦሌሳ ኮ» አለ ሞቱማ ወጣቶቹ ፊት ሲደርሱ፤ ወንድሜ ነው ማለቱ ነበር። ቀጥሎም ስለ ጥርሱ ረጅም ታሪክ ተረከላቸው። ታሪኩ ሳያምርለት አልቀረም፤ ከመካከላቸው አንዱ ሮጦ የእንቧይ ሥር ነቅሎ አመጣና ልጦ በሕመምተኛው አፍ ውስጥ ሰካለት። ምሬቱ ዕንባውን አመጣው። ሌላው እፍኝ ሙሉ ቆሎ ከሰጠው በኋላ ጥርሱ ትዝ ሲለው፣ ቆሎውን ከመዳፉ መልሶ ለቅሞ ሞቱማ ኪስ ውስጥ ጨመረው። ሁሉም ሳቁ።

መተላለፊያውን የዘጋው ግማሹ የተቃጠለ የጽድ ግንድ ነበር፤ ግራና ቀኙ አጋም ነው። ዮፍታሔ ሲያመነታ ሞቱማ ሁለት እጁን ከሥር አስገብቶ ግንዱን ከፍ አደረገለት፤ እሱም ሾልኮ አለፈ። ከወዲያ በኩል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከነበሩ አንድ ሽማግሌ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ልጄ» አሉት ዝግ ብለው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ጥርስህ ሲሻልህ ቋንቋውን ተማር። እስከዚያው በሰላም ግባ።»

ጫካው ከዋጣቸው በኋላ ሞቱማ እየተንከተከተ ሳቀ። ዮፍታሔም የአንገት ልብሱን ፈትቶ መለሰለትና አብሮት ሳቀ፤ ሆኖም ሽማግሌው ሁሉን አውቀው ማሳለፋቸው ከእንቧዩ ምሬት ጋር ምላሱ ላይ ቀረ። ዳገቱን ወጡ። በጽዶቹና በኮሶዎቹ ጫፍ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን እያዘናፈሉ ዘለሉ። ቆሎውን ተካፍለው እየቆረጠሙ አንዱን ሸለቆ ወርደው ሌላውን ጋራ ወጡ። ምንጭ ሲያገኙ ሞቱማ እጁን አሸት አሸት አደረገ፤ ሙጫ የተቀላቀለበት ጥላሸት ግን አልለቅ አለ።

«ትምህርት ሲከፈት ቀለም ላልገዛ ነው» አለ መዳፉን እያገላበጠ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ በሰበታ በኩል ከጫካው ወጡ። እዚያ መለዮ የለበሱ ሰዎች ይጠብቁ ነበር። መዳፋቸው በጥላሸት የጠቆረ ጥቂት ወጣቶች ተይዘው መንገዱ ዳር መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«መዳፋችሁን አሳዩ» አለ አንደኛው።

የዮፍታሔ መዳፍ ንጹሕ ነበር። ሰውየው የሞቱማን አይቶ በጣቱ የሚቀመጥበትን ስፍራ አመለከተው። ከዚያ ወደ ዮፍታሔ ዞረና ከየት እንደመጣና የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀው። አነጋገሩን ሲሰማ ፊቱ ለስለስ አለ።

«ይሄንን ልጅ ታውቀዋለህ? አብረኸው ከነበርክ አንተም እዚያው ተቀመጥ። ሲመሽ መኪናው ይመጣል።»

መልሱ አጭር ነበር፤ «ግንዱን ያነሣው እኔን ሊያሳልፍ ነው» ማለት ብቻ። ዮፍታሔ ይህን ያውቃል። ነገር ግን አፉ ከልቡ ቀድሞ ተከፈተ።

«መንገድ ላይ ነው የተገናኘነው። አላውቀውም።»

ሞቱማ ቀና ብሎ አየው። ዮፍታሔ ንዴት ቢያይበት ይሻለው ነበር።

«እውነቱን ነው፣ አያውቀኝም» አለ ሞቱማ፣ ወደ መለዮ ለባሹ ዞሮ።

«በል ሂድ» ተባለ ዮፍታሔ። ሄደም።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ጆሮው እስኪግል ድረስ ፊቱ ይቃጠል ነበር። ከኋላው የጠራው የለም፤ ቢጠራውም መዞር የሚችል አልመሰለውም። የከተማው ጣሪያዎች ከታች ብቅ ሲሉ ሐሳቡ ያለ ፈቃዱ ውሸት መገጣጠም ጀመረ። ጫካው ውስጥ ተጠፋፋን ቢል ማን ያስተባብለዋል? ጓደኛው ራሱ መስክሮለታል። እንዲህ ብሎ ማሰቡ ከቅድሙ ቃል ይበልጥ አሳፈረው። ወደ ኪራይ ቤታቸው በሚወስደው መታጠፊያ ላይ እግሩን ጎተት አደረገና አለፈው።

የሞቱማ አባት ኦቦ መኮንን አውድማቸው ላይ ጭድ ሲከምሩ አገኛቸው። ሲያዩት ፊታቸው ፈካ፤ ወዲያው ከትከሻው በላይ መንገዱን ፈለጉ።

«ሞቱማስ?»

«ጫካው…» አለና ቆመ። ጭድ የተጣበቀበትን በላብ የራሰ ግንባራቸውን አየ። «ይዘውታል። ከጫካው መውጫ ላይ። እጁ የጠቆረው በኔ ምክንያት ነው፤ እኔን ሊያሳልፍ ግንድ አንሥቶ። ታውቀዋለህ ወይ ሲሉኝ… አላውቀውም አልኳቸው። ሲመሽ በመኪና ሊወስዷቸው ነው፣ ኦቦ።»

ኦቦ መኮንን መንሹን ቀስ አድርገው ክምሩ ላይ አጋደሙት። ቢሰድቡት ይወድ ነበር። እሳቸው ጋቢያቸውን ከአጥሩ አንሥተው ተከናነቡ፤ ምርኩዛቸውንም ያዙ።

«አንተ ቤትህ ግባ» አሉት ሳያዩት። «እናትህ ከትናንት ጀምራ እዚህ ስትመላለስ ነው የዋለችው። እሷም አትጨነቅ።»

መንገድ ጀመሩ። ዮፍታሔ ጥቂት ቆመና ተከተላቸው። ተረከዙ ተልጦ ጫማው ውስጥ ይለበልበዋል። አጠገባቸው ለመሄድ አልደፈረም፤ ድምፃቸውን ቢያሰሙ በሚሰማበት፣ ጥላቸውን ግን በማይረግጥበት ርቀት ከኋላ ከኋላቸው ተጓዘ። አንድ ጊዜ ቆመው ወደ ኋላ አዩ። «ተመለስ» አላሉትም፤ «ና»ም አላሉትም።

የመጨረሻው ዳገት ጫፍ ላይ የመኪና ሞተር ተሰማ። ኦቦ መኮንን ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው እርምጃቸውን አፈጠኑ። መለዮ ለባሹ ከሩቅ እጁን ዘርግቶ እንዲቆሙ ምልክት ሰጣቸው።

ዮፍታሔ ኦቦ መኮንንን በጎናቸው አልፎ፣ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ፣ ቅድም የካደውን ሊያምን ወደ ሰውየው ቀደመ።