የትናንት ዝናብ

መምህር ደግፌ ዝናብ ሲለኩ ሞቱ ተብሎ ለአምቦ ፖሊስ ጣቢያ የተደወለው ሐሙስ ነሐሴ 9 ቀን 1977 ዓ.ም. ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። መቶ አለቃ ከበበው ስልኩን ከዘጋ በኋላ እጁን ከመነጋገሪያው ላይ ሳያነሳ ቆየ። በሃያ ስምንት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ በጥይት፣ በዱላ፣ በጠላና በውሃ ሙላት የሞተ ሰው አንስቷል። ዝናብ ሲለካ የሞተ ግን ገጥሞት አያውቅም። ካፖርቱን ከምስማሩ ላይ አወረደ። ካፖርቱ ከማክሰኞው ዝናብ ገና አልደረቀም፤ የባልደረባውን ቀብር ውሎ ሲመለስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶፍ መንገድ ላይ ይዞት አጥንቱ ድረስ አርሶታል።

የመምህር ደግፌ ግቢ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ነው። ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ከጓሮው በር ወደ ሣሩ በሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ማጅራታቸው ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ከበበው ጉልበቱን እያመመው ተንበረከከ። የሸሚዛቸው ጀርባ የሣሩን ውሃ ጠጥቷል፤ ደረታቸው ግን ደረቅ ነው። ማታ የጀመረው ዝናብ ያባራው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበርና፣ ሰውየው የወደቁት ከዚያ በኋላ ነው። የሸሚዛቸው ሁለተኛ ቁልፍ ከነክሩ ተበጥሷል። አዳልጦት የወደቀ ሰው የገዛ ቁልፉን አይበጥስም።

ከራሳቸው ሁለት እርምጃ ርቆ አንድ አጭር እንጨት ተተክሏል። እንጨቱ ላይ ላምባ መቅጃ የመሰለ አፈ ሰፊ ቆርቆሮ አለ፤ ከሥሩ ጠርሙስ። ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከበበው አወጣውና ከአጥሩ ሥር ባገኘው የበቆሎ ቆረቆንዳ አፉን ወተፈው።

«መቶ አለቃ፣ አትድከም፤ ነገሩ አልቋል» አለው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ጉዩ፣ ሽጉጡ ያዘነበለውን ቀበቶውን ወደ ላይ እየሳበ። «ገዳዩን ይዘናል። የወፍጮ ቤቱ መካኒክ ሙለታ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚህ ግቢ ሲወጣ ሁለት ሰው አይቶታል። ቤቱን ስንፈትሽ ራሱ የገጣጠመው ራዲዮ ተገኘ። ከሟቹ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ይኼ።»

የዘረጋው ደብተር ላይ ቀንና ቁጥር እንጂ ሌላ ቃል የለም። ከላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ይላል። የመጨረሻው መስመር «ነሐሴ 9 — 12» ነው።

«ሚስጥር ነው» አለ ጉዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ በራዲዮ ያስተላልፋል። ከዚያ ተጣሉ። ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ ጽፏል፤ ስለዚህ በሕይወት ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሙለታ ወጣ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ዝናብ እኮ ነው የሚለኩት።»

«ለየትኛው መሥሪያ ቤት?»

ከበበው ደብተሩን ተቀብሎ ሽፋኑን አየ፤ የመሥሪያ ቤት ማኅተም የለበትም።

«አየህ? ደመወዝ ሳይከፈለው ሃያ ዓመት ዝናብ የሚለካ ሰው የለም። ለማንኛውም ነገ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ከአዲስ አበባ ይመጣል። ሙለታን እዚያ ያናግሩታል።»

እንደዚያ ባለ መኪና ተጭነው የሄዱ ሰዎችን ከበበው በስም ያውቃቸዋል። የተመለሰ ግን አያውቅም።

ወደ ቤት ገባ። ከጠረጴዛው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ መጻሕፍቱ አቧራ ለብሰዋል። መሐል ላይ ክንድ የሚያህል ቦታ ባዶ ነው፤ እዚያ ላይ አቧራ የሚባል የለም።

የሟቹ እኅት ወይዘሮ ደብሪቱ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤት ለቅሶ ቤት አድረው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሲመለሱ ነው ወንድማቸውን ያገኙት።

«ለማን ነበር የሚለኩት?» አላቸው ከበበው።

«ለማንም። ‹ደስ ስለሚለኝ ነው፣ ደብሪቱ› ይለኛል። ሚስቱ የሞተች ጠዋት እንኳ ሬሳው ሳይወጣ ሄዶ ለካ። ዓመት ሙሉ ተቀይሜው ነበር።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።»

«ወዳጅስ?»

«የቅዳሜዎቹ አሉ። ሙለታ ራዲዮውን ይዞ ይመጣል። ፋንቱ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው፣ ወፍ ትሥላለች። ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው እየተሳሳቁ ይለካሉ። በድሉም አለ፣ የግብርና ባለሙያው። እሱ ግን የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው።»

ሙለታ በቀበሌው እስር ቤት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እጁ ላይ ያለው የወፍጮ ቤት ግራሶ አልለቀቀም።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ከበበው» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው። «ፒንሳ ልመልስ ነው የሄድኩት። በፊት ለፊት በር ጠራሁ፤ መልስ የለም። ሦስት ሰዓት አልፏል፣ ለክተው ገበያ ወርደዋል ብዬ ተመለስኩ። ጓሮ ዞሬ ባይ ኖሮ…»

«ራዲዮህ ያስተላልፋል?»

«መስማቱም በግድ ነው እንጂ! ሁለት ዓመት ሠርቼ የያዘልኝ አንድ ጣቢያ ነው፤ ቋንቋውንም አላውቀውም። ኦቦ ደግፌ ግን ‹ዋናው መያዙ ነው› ይሉኝ ነበር።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ነገ ይወስዱኛል አሉ። ሚስቴ እንዳትሰማ» አለ።

«ሰምታለች። በሩ ላይ ቆማለች።»

ከሰዓት በኋላ በድሉ ከጊንጪ ደርሶ የመምህሩ ለቅሶ ቤት ገባ። ጫማው የተወለወለ፣ ዓይኑ የቀላ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ከበበው ወደ ጥግ ጠራው።

«እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የሄድኩት» አለ ሳይጠየቅ። «ሦስት ሰዓት ላይ ጊንጪ ስብሰባ ነበረኝ፤ ፈርሜያለሁ። ጋሼ እኮ ያን ጊዜ እየለኩ ነበር። ያ ሣር ያዳልጣል፣ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ!»

«በሦስት ሰዓት መለካታቸውን በምን ያውቃሉ፣ አቶ በድሉ?»

«ሁልጊዜ በሦስት ሰዓት ነው። ደግሞም ደብተሩ ላይ አለ… ሰዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ።»

«ውጭ አገር ሊሄዱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።»

«የትምህርት ዕድል አለ። ጥናት ማቅረብ አለብኝ፣ እስከ ጳጉሜን።» እጁን ኪሱ ከተተ። «ዘንድሮ ካለፈኝ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም።»

ከበበው ቢሮው ተመልሶ ደብተሩን ገለጠ። መጀመሪያ ማየት የፈለገው የታመመ ሰው ሥራ መሆን አለመሆኑን ነበር። ዝናብ ያልዘነበበት ቀን እንኳ አልተዘለለም፤ «ባዶ» ተብሎ ተጽፏል። ወደዚህ ሳምንት መጣ። «ነሐሴ 6 — ባዶ»፤ ሰኞ፣ ልክ ነው፤ ፀሐይ ውሎ አድሯል። «ነሐሴ 7 — 24»፤ ማክሰኞ፤ እሱን ያራሰው ዝናብ። ከዚያ «ነሐሴ 9 — 12»። ረቡዕ ነሐሴ 8 የለም። ቀኑን ፀሐይ ስለነበር ይሆን? ግን «ባዶ» ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ተመልሶ ማክሰኞን አየ። ጣቱ ሃያ አራቱ ላይ ቀረ። ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን እርጥብ ካፖርቱን ቀና ብሎ ተመለከተና ጠርሙሱን በካኪ ወረቀት ጠቅልሎ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣ።

ፋንቱ ከጤና ጣቢያው ቁም ሣጥን የመምህሩን የመለኪያ ብርጭቆ አምሳያ አወጣች። ሁለቱንም ምልክት ያደረገችባቸው ራሷ ናት። ውሃውን ቀስ ብላ ቀዳች፣ ጎንበስ ብላ አነበበች።

«ሠላሳ አንድ ሚሊ ሜትር» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ይህን ቢያዩ እንዴት ደስ ይላቸው ነበር። ከለኩ በኋላ ጓሮ ያለው ጤና አዳም ላይ ነው የሚደፉት፤ ይህ ግን አልተደፋም።»

ከበበው ሁለት ጥያቄ ጠየቃት፤ መልሷን ለማንም እንዳትናገር አስጠነቀቃት። ከዚያ ወደ ጊንጪ ፖሊስ ስልክ ደወለ።

ዓርብ ጠዋት ሊነጋ ሲል እንደገና ዘንቦ አባርቶ ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል የመምህሩ በረንዳ ላይ አምስት ሰዎች ተቀመጡ፦ ደብሪቱ፣ ፋንቱ፣ በድሉ፣ ጓድ ጉዩና እጁ በካቴና የታሰረው ሙለታ። ጉዩ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«መኪናው እስኪመጣ ገና ሦስት ሰዓት ቀርቶናል፤ አይበቃም?» አለ ከበበው። ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው። «መጀመሪያ እንለካ።»

ፋንቱ ትናንት በእንጨቱ ላይ የተካችውን ጠርሙስ አምጥታ ሁሉም እያዩ ለካች። «አሥራ ሰባት።»

ከበበው ለሙለታ፣ ለበድሉና ለጉዩ አንዳንድ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ሰጠ። «መምህር ደግፌ በሚጽፉበት ዓይነት ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ።»

«እኛን ፈተና ላይ ልታስቀምጠን ነው?» አለ ጉዩ፤ ቢሆንም ምላሱን አውጥቶ ጻፈ። ሙለታ በታሰረ እጁ ጻፈ። በድሉ ፈጥኖ ጨረሰ።

ከበበው ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ጉዩ «ነሐሴ 10 — 17» ብሏል። በድሉም «ነሐሴ 10 — 17»። ሙለታ «ነሐሴ 9 — 17»።

«ዛሬ እኮ አሥር ነው፤ እስር ቤት ቀኑ ጠፋብህ?» ብሎ ጉዩ ሳቀ።

«ቀኑ አልጠፋብኝም» አለ ሙለታ። «ጠዋት የሚለካው የትናንት ዝናብ ነው። ኦቦ ደግፌ በትናንቱ ቀን ነው የሚጽፉት። የመጀመሪያ ቅዳሜዬ በዛሬው ብጽፍ ጆሮዬን ቆነጠጡኝ።»

«ፋንቱም ትናንት እንዲሁ ብላኛለች፤ ሙለታ ደግሞ ከእሷ ጋር አልተገናኘም» አለ ከበበው። ደብተሩን ገለጠ። «ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዘነበብኝ ውሃ ሊለካ የሚችለው ረቡዕ ጠዋት ነው። እዚህ ግን በማክሰኞ ተጽፏል። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ መምህሩ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ‹ነሐሴ 8 — 31› ብለው ይጽፉ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ሠላሳ አንድ ነው። ደብተሩ ግን ‹ነሐሴ 9 — 12› ይላል። ቀኑም የእሳቸው አይደለም፣ ቁጥሩም። የጻፈው ሰው ውሃውን አልለካውም፤ ገምቶ ጻፈ። ረቡዕን ባዶ ሲያይ፣ ፀሐይ ስለነበር አልጻፉም ብሎ አለፈው። ያ ሰው አንድ ጠዋት እንኳ ከመምህሩ ጋር ቆሞ አያውቅም። ሙለታና ፋንቱ ግን በየቅዳሜው ቆመዋል።»

«እኔም አሥር ብዬ ጻፍኩ፤ ታዲያ እኔም ገዳይ ነኝ?» አለ ጉዩ። አሁን አልሳቀም።

«ጓድ ጉዩ፣ አንተ ሦስት ሰዓት ላይ መምህሩ በሕይወት እንዲገኙ የሚያስፈልግህ ምንም ምክንያት የለም። ሦስት ሰዓት ላይ ጊንጪ የፈረመ ሰው ግን ያስፈልገዋል። ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ እንዳይጠየቅ።» ወደ በድሉ ዞረ። «ደብተሩን ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ አልክ፤ ጓድ ጉዩ ግን ሚስጥር ነው ብሎ ለእኔ ብቻ ነው ያሳየው።»

«ለማንም አልተነፈስኩም» አለ ጉዩ።

ከበበው በሩ አጠገብ የቆመውን ፖሊስ በእጁ ጠራ። ፖሊሱ በሲባጎ የታሰረ ካርቶን አምጥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ዛሬ ጠዋት ከጊንጪ በአውቶቡስ መጣ። እዚያ ያለ ሻይ ቤት አደራ ያስቀመጥከው ነው። አሥራ ዘጠኝ ደብተር፤ ፋንቱ እንደነገረችኝ፣ ውስጥ ካለው መደርደሪያ የተነሱት።»

ደብሪቱ ከላይ ያለውን ደብተር አንስተው የወንድማቸውን እጅ ጽሑፍ በጣታቸው ዳሰሱ።

በድሉ የተወለወለ ጫማውን አየ። «አልገደልኳቸውም» አለ። «ገፋኋቸው። ጠዋት ሄጄ ለመንኳቸው። ‹አንድ ክረምት ከእኔ ጋር እግርህ ይራስ፤ ከዚያ ሁሉንም ውሰድ› አሉኝ። አንድ ክረምት! እኔ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። የሃያ ዓመት መረጃ እዚያ አቧራ ሲበላው… ለምንም አይጠቀሙበትም እኮ! ሸሚዛቸውን ያዝኩ…»

«ለምንም» አለ ከበበው። «ስትገፋቸው ተናደህ ነበር እንበል። ቁጥሩን ስትጽፍ ግን ተቀምጠህ ነው። ሙለታ ሲታሰር ለቅሶ ቤት ተቀምጠህ ዝም ስትልም እንዲሁ።»

በድሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ፖሊሱ ክንዱን ያዘው።

ጉዩ የካቴናውን ቁልፍ ከኪሱ ፈልጎ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሙለታ የእጁን አንጓ እያሸ በአጥሩ በኩል ወደ ቆመችው ሚስቱ አየ፤ ግን ወዲያው አልሄደም።

«ጓድ ጉዩ፣ መኪናው ሲመጣ ምን ትላለህ?» አለው ከበበው።

«ዝናብ ነበር እላለኋ» አለ ጉዩ፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ደብተሩ ማስረጃ ነው፤ አይነካም። ከበበው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ትናንት ማታ ከሱቅ የገዛው አዲስ ደብተር ነበረ። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተወው። ፋንቱ ከፈተችው። «ነሐሴ 8 — 31» ብላ ጻፈችና እርሳሱን ለሙለታ ሰጠችው። ሙለታ «ነሐሴ 9 — 17» ብሎ ጻፈ። ደብሪቱ ጠርሙሱን አንስተው ውሃውን ጤና አዳሙ ላይ ደፉት።

ቅዳሜ ከበበው ወደ ጣቢያው የሄደው በወንዙ ዳር ባለው ረጅሙ መንገድ ነው። ጉልበቱ አይወደውም። ሦስት ሰዓት ሲሆን አጥሩ ጋ ደረሰ። ከውስጥ የፋንቱ ድምፅ «ዘጠኝ!» አለ። የሙለታ ድምፅ «ዘጠኝ ተኩል ነው፣ ጎንበስ በይ እንጂ!» ብሎ መለሰ። ከዚያ ውሃ ሲደፋ ተሰማ።

ከበበው ጫማው ጭቃው ውስጥ እየሰጠመ ቆመ።

«የትናንት» አለ ለራሱ፤ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።