መስኮቱ ላይ የተቀመጡት ሁለት ብልቃጦች

እዚህ ቻናል ላይ ብዙ የሚያስፈራ ነገር አንብቤያለሁ። ይሄኛው ግን በራሴ እግር ላይ የደረሰ ነው... ማመን የእናንተ ፈንታ።

ዘመኑ 1977፣ ወሩ የካቲት። አሰላ፣ አንድ የበሽተኞች ክፍል ውስጥ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። ውጭ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሰው ለስብሰባ ይጠራል።

ከመንደሬ ከዲክሲስ ያመጣኝ ቀኝ ተረከዜ ላይ የወጣ ጥቁር ነጥብ ነው። መጀመሪያ ምስር ያክል ነበር። ጎረቤት መክሮኝ በጋለ ብረት ተተኮስኩ። ጠፋ አልን...

ባቄላ አክሎ ተመለሰ።

ባለቤቴ ሀጂራ ቁስሉን ባጠበች ቁጥር እግሬን አቅፋ፣ ስሜን እያቆላመጠች፣ "ቱፋዬ፣ ለኔ ያርገው!" ትለኛለች።

እኛ ዘንድ ይሄ የማባበያ ቃል ነው። ልጅ ሲወድቅም ይባላል። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

አጠገባችን ልጃቸውን የሚያስታምሙት እናት፣ አደ ሀሊሜ፣ ግን ደነገጡ።

"ተይ ልጄ... ሰሚ አለ።"

"ይስማኛ!" አለች ሀጂራ እያለቀሰች።

ዶክተሩ እኔን ትቶ እሷን ወደ በሩ ጠራት። ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም። እኔ ግን ሰማሁት።

"ሽንቱን ፀሐይ ላይ እናቆየዋለን። ከጠቆረ... በሽታው ከእግሩ አልፎ ውስጡ ተሰራጭቷል። ያኔ ይዘሽው ወደ ቤትሽ ነው። ካልጠቆረ አዲስ አበባ ሄዶ እግሩ ይቆረጣል፤ ሊተርፍ ይችላል።"

ለማመሳከሪያ የጤነኛ ሰውም አስፈለገ። ሀጂራ የራሷን ሰጠች።

ሁለቱ ብልቃጦች መስኮቱ ላይ ተቀመጡ። ዶክተሩ የሷ ብልቃጥ አንገት ላይ ቀይ ክር አሰረበት።

እኔ አልጋዬ ላይ፣ እሷ መሬት ላይ ሆነን አፈጠጥንባቸው። ዘመድ ጋ የተውናት ሕፃኗ ልጃችን አስያ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። መሞት ፈራሁ።

"ያ ረቢ... ለኔ አርገው" አለች ሀጂራ በሹክሹክታ።

ይህንን ለማባበል አላለችውም።

ወዲያው... ለወራት የጠዘጠዘኝ ተረከዝ ጸጥ አለ።

"ሀጂራ..."

"ዝም በል።"

"አላመመኝም።"

ቀኝ ተረከዟን ሲሚንቶው ላይ ታሻሽ ነበር።

ቀትር ላይ አንዱ ብልቃጥ ከሥሩ መጥቆር ጀመረ። ቀስ... ቀስ እያለ ጥላሸት መሰለ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። አለቀልኝ አልኩ።

አደ ሀሊሜ ጮኹ። ዓይኔን ስገልጥ...

የጠቆረው ቀይ ክር ያለበት ነው።

"ክሩን የነካ አለ?" አለ ዶክተሩ። ማንም ከቦታው አልተነሳም ነበር። ሁለታችንም እንደገና ሽንት ሰጠን። እንደገና የሷ ጠቆረ።

ፋሻዬን ፈታው። ተረከዜ ላይ የተተኮስኩበት ጠባሳ ብቻ ቀርቷል።

"ሀጂራ... እግርሽን አሳዪን" አልኳት።

እግሯን ቀሚሷ ሥር ሰበሰበች። ፈገግ አለች።

"አንተ ብቻ ዳንልኝ።"

ለሰኔ ዝናብ አልደረሰችም።

ይኸው እኔ ሸምግያለሁ። አስያን ያሳደግኳት ብቻዬን ነው። አንድም ቀን ያንን ቃል አላስተማርኳትም።

ትናንት ረፋድ ላይ ጉልበቴን ቆረጠመኝ። አስያ መጥታ እግሬን አቀፈች።

"አባዬ... ለኔ ያርገው።"

አፏን በእጄ ያዝኩት። ዘግይቻለሁ።

ጉልበቴ ጸጥ አለ።

መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ያረፈበት፣ አስያ ጠጥታ ያስተረፈችው ውሃ... ከብርጭቆው ሥር መጥቆር ጀምሮ ነበር።