በቅጂው ውስጥ ወጥተናል

አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የዳታ ማዕከል ውስጥ፣ እኔና አንዲት የኔትወርክ ባለሙያ ከማሽኖቹ ክፍል መውጣት አቃተን። እኔ ያየሁትንና ያረጋገጥኩትን ብቻ ስጽፍ የኖርኩ ጋዜጠኛ ነኝ፣ መንፈስ አየን ያሉ ስንት ሰዎችን አዳምጬ አንድም መስመር ሳልጽፍላቸው እንደቀረሁ ባልደረቦቼ ያውቃሉ፣ ስለዚህ የምነግራችሁን እንደሆነው ብቻ ውሰዱት።

ባለሙያዋ ሰላም ትባላለች። የሄድኩት አገልግሎቱ ሳይቋረጥ የመረጃ ፍሰቱን እንዴት እንደሚከታተሉት እንድታሳየኝ ነበር። "ጋሼ፣ መስመሩን አንነካውም" አለችኝ ላፕቶፗን ከአንዱ ማሽን ጋር እያገናኘች፣ "የሚያልፈው ሁሉ ቅጂው ወደኔ ይመጣል፣ ዋናው መንገዱን ይቀጥላል።"

"እንደኛ ሰፈር ወሬ ሰሚ ጎረቤት በያ።"

"ጎረቤትማ መሃል ይገባል" ብላ ሳቀች።

ልንወጣ ስንል የመግቢያ ካርዷ በሩን አልከፍት አለ። ስልካችንና ቦርሳችን በደንቡ መሠረት ውጭ ጥበቃው ጋሽ ደምሴ ዘንድ ቀርቷል። በሩ አጠገብ ቀይ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ አለ፣ ሲጫኑት በሩ ይከፈታል፣ ግን የገጠሙት ሰዎች በስህተት ከክፍሉ ኤሌክትሪክ ጋር ስላያያዙት ማሽኖቹን ሁሉ ያጠፋል።

"እሱን እንዳይነኩት" አለች ሰላም፣ "የአምቡላንስ መጥሪያው መስመር በዚህ ነው የሚያልፈው።"

በሩን ደበደብን፣ የማሽኖቹ ጩኸት ዋጠው። ላፕቶፑም የሚያልፈውን ይቀዳል እንጂ መልእክት መላክ አይችልም። ብርዱ ሲጠና ጃኬቴን አውልቄ አለበስኳት። የኮሪደሩ ካሜራ ምስልም በዚያው መስመር ያልፋልና፣ ጋሽ ደምሴ ሲመጡ እንድናይ ላፕቶፑ ላይ ከፈተችው።

መጡ። በሩን ከውጭ ሲከፍቱ አየን። እመኑኝ፣ እኛ የተደገፍንበት በር ንቅንቅ አላለም፣ ምስሉ ላይ ግን ሁለት ሰዎች ወጡ፣ አንዱ እኔ ነኝ፣ ሌላዋ ሰላም፣ ዕቃችንን ተቀበልን፣ ጋሽ ደምሴም በሩን ዘግተው ሸኙን። ከበሩ ማዶ ቀጭን የሴት ሳቅ ተሰማኝ፣ የሰላምን ሳቅ ይመስላል፣ ሰላም ግን አጠገቤ አፏን ገጥማ ቆማለች።

"የቆየ ምስል ነው" አልኩ።

"ምስሉ ላይ ጃኬትዎን ለብሻለሁ" አለች።

እውነቷን ነው። ጃኬቱን ከሰጠኋት ገና ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከዚያ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። አስም አለባት፣ መድኃኒቷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ጋሽ ደምሴ ደግሞ እንደሸኙን አምነዋል፣ እስከ ሰኞ ያንን በር የሚከፍት የለም።

"ልጫነው" አልኳት።

"ሰው ይሞታል፣ ጋሼ።"

"አንቺስ?"

ተጫንኩት።

ማሽኖቹ በየተራ ዝም አሉ፣ ክፍሉ ጨለመ፣ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ደምሴ ሲያዩን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ቅድም ሸኝቻችሁ የለም እንዴ? በየት በኩል ገባችሁ?" ዕቃችን የነበረበት ሳጥን ባዶ ነው። ሰላምን ደግፌ መንገድ ማዶ ወዳለው መድኃኒት ቤት አደረስኳት፣ ከቆይታ በኋላ ትንፋሿ ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት የአምቡላንስ ጥሪ ወደሚቀበሉበት ቢሮ በአካል ሄድኩ። አርብ ከሰዓት በኋላ መስመራቸው ለምን ያህል ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ጠየቅሁ። ተረኛዋ ኮምፒውተሯን አየች፣ ከዚያ አጠገቧ ያለውን ባልደረባዋን ጠየቀች።

መስመሩ አልተቋረጠም አሉኝ፤ ሰላም እንዳለችው፣ ዋናው መንገዱን ቀጥሏል።